በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ መንገድ ዳር ለሚቆም ሰሌዳ ጽሑፉ እንዴት ይሁን?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መቐለ፣ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ አጠገብ መንገድ ዳር የመታሰቢያ ሰሌዳ ሊቆም ነው። ረቂቁ «ጀግኖች አባቶቻችን በጥር 1888 ዓ.ም. የጣሊያንን ምሽግ ሰብረው የደመሰሱበት ቦታ» ይላል። ላሜራ ላይ ስቲከር ተለጥፎ በሁለት ቧንቧ ይቆማል። የሚታረም ካለ ጠቁሙን።

መልስ 1፦ «ሰብረው የደመሰሱበት» ይውጣ። ግንቡ በጥቃት አልተሰበረም፤ የተሞከሩት ጥቃቶች ብዙ ሰው ፈጅተው ከሽፈዋል። ጠላትን ያስለቀቀው ጥም ነው። ምንጮቹ ከግንቡ ውጭ ስለነበሩ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ተያዙ። የምሽጉ አዛዥ ማጆር ጋሊያኖና ከሺህ የሚበልጠው ጦሩ (አብዛኛው አስካሪ፣ ማለትም ለጣሊያን ያደረ የአገር ተወላጅ ወታደር ነው) ውሃ አለቀባቸውና በድርድር፣ መሣሪያቸውን እንደያዙ ወጡ። ጋሊያኖ የሞተው በኋላ አድዋ ላይ ነው። በእኔ እምነት ሰሌዳው ከውሃው ቢጀምር ይሻላል፤ «ጀግኖች አባቶቻችን» የማይል ሰሌዳ የለም፣ ምንጩን የሚያነሳ ግን ብርቅ ነው።

መልስ 2፦ የፈረንጅ ቀን ከጨመራችሁ በዛሬው ስሌት አትቀይሩ። 1900 እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ስላልነበረው ልዩነቱ ከዚያ ወዲህ በአንድ ቀን ሰፍቷል። የአድዋ ድል ቀን፣ የካቲት 23 ቀን 1888፣ ማርች 1 ነበር፤ ዛሬ ማርች 2 ይውላል።

መልስ 3፦ ስቲከሩን ተዉት። ፀሐይ መጀመሪያ ቀዩን ቀለም ይበላዋል፣ ከዚያ ጠርዙ ይላጣል። ጽሑፉ ድንጋይ ላይ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ገብቶ ይቀረጽ። ፊደሉ ከ2 ሴንቲ ሜትር አይነስ፤ ካነሰ ቀለም ሲሞላው «ሰ»ና «ሱ» አይለዩም። ርዕሱ ከ30 ሜትር እንዲነበብ 10 ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል።

ጠያቂ፦ ቧንቧው ተገዝቷል። ድንጋዩ ባይሆንልንስ?

መልስ 3፦ እንግዲያው ላሜራው ጋልቫናይዝድ (እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ) ሆኖ በቀለም ይጻፍበት። ቧንቧው 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ኮንክሪት ውስጥ ይግባ፤ ታች አግዳሚ ብረት ካልተበየደበት ነፋስ ያዞረዋል። አናቱ ይደፈን፣ ዝናብ ከገባ ከውስጥ ይዝጋል። ኮንክሪቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ወደ ውጭ ያዘቅዝቅ፤ ቧንቧ ሁልጊዜ የሚበላው ውሃ በሚያቁርበት አንገቱ ላይ ነው።

መልስ 1፦ ጉድጓዱን ከመቆፈራችሁ በፊት የቅርስ ፈቃድ ያዙ፤ አዋጅ 209/1992ን እዩ። ቦታው መኪና ከአስፋልት ወጥቶ የሚቆምበት ይሁን።