ፈጣኑና ኳስ አጣፊው ቦውለር፦ 20ውን ኦቨር እንዴት እንደልድል?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦ አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሜዳ ላይ ባለ 20 ኦቨር (አንዱ ኦቨር ስድስት ውርወራ ነው) የክሪኬት ግጥሚያ አለን። ፒቹ (ኳስ የሚወረወርበት መስመር) ሲሚንቶ ላይ የተነጠፈ ምንጣፍ ነው፣ ኳሷ አዲስ የቆዳ ኳስ። አምስት ቦውለር (ኳስ ወርዋሪ) አለን፦ አንዱ በጣም ፈጣን ነው ግን ዋይድ (ባትስማኑ፣ ማለትም መቺው፣ የማይደርስባት ሰፊ ውርወራ) ያበዛል፤ አንዱ መካከለኛ ፍጥነት ያለው፣ ኳስ በአየር ላይ የሚያጥፍ (ስዊንግ)፤ አንድ ግራኝ፤ አንድ ስፒነር (ኳስ የሚያሾር)፤ አምስተኛው መስመር ብቻ የሚጠብቅ። እስካሁን ፈጣኑ ነው የሚጀምረው፣ ራን (ነጥብ) ግን ይፈስብናል። ማን ይጀምር?

ጦሳ፦ አጣፊው ይጀምር። አንድ ሰው ከ4 ኦቨር በላይ አይወረውርም፣ ተከታታይ ኦቨርም አይፈቀድም፤ ስለዚህ እንዲህ ደልድለው፦ አጣፊው 1፣ 3፣ 5 እና 15። ግራኙ 2፣ 4፣ 17፣ 19። ፈጣኑ 6፣ 8፣ 18፣ 20። ስፒነሩ 7፣ 9፣ 11፣ 13። አምስተኛው 10፣ 12፣ 14፣ 16። በመጀመሪያዎቹ 6 ኦቨሮች ሜዳው ላይ ከተሰመረው ክብ ውጭ የሚቆመው የእኛ ተከላካይ 2 ሰው ብቻ ስለሆነ፣ ያኔ የሚወጣ ዋይድና የላላ ኳስ ዋጋው ከባድ ነው።

ወረባቦ፦ እኔ አልስማማም። አዲስ ኳስ ጠንካራ ናት፣ ምንጣፍ ላይ ደግሞ ከፍ ብላ ትነጥራለች። ፈጣኑን ለ6ኛ ኦቨር ማቆየት ብክነት ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን ወደ ጎን ገፍቶ የሚያጥፋት ኃይል ከቆላው በግምት በአንድ አምስተኛ ያንሳል። ፍጥነት ግን በስስ አየር ብዙም አይቀንስም።

ጦሳ፦ የአየሩ ነገር እውነት ነው። ግን ስዊንጉ የሚያንሰው እዚያ ከሆነ፣ ያለችውን ጥቂት እጥፋት ኳሷ ሳትሻክር መጠቀም ነው እንጂ ለኋላ ማስቀመጥ አይደለም። ሲሚንቶና ድንጋያማ ሜዳ ለእጥፋት የሚያስፈልገውን የኳሷን ብሩህ (ልሙጥ) ጎን ቶሎ ያበላሹታል። ፈጣኑ ዋይዱን ካስተካከለ በ2ኛው ግራኙን ይተካ፣ ግራኙም 6ኛውን ይውሰድ።

ሐይቅ ዳር፦ የዋይዱ መነሻ ይህ ይመስለኛል፦ ፈጣኑ ልጅ ፍጥነትና እጥፋት አንድ ላይ ይሞክራል። የኳሷን ስፌት ቀጥ አድርጎ ይያዝ፤ ከባትስማኑ ዊኬት (ከኋላው ከተተከሉት እንጨቶች) ከ6 እስከ 8 ሜትር ባለው ቦታ ያስነጥር። አጣፊው ግን ከ4 እስከ 6 ሜትር ድረስ ይቅረብ፤ ኳስ ለመታጠፍ ጊዜ ያስፈልጋታል። ሁለቱንም ቦታ በኖራ ምልክት አድርጉበትና ልምምድ ስሩ።

ለቀኝ እጅ ባትስማን ወደ ውጭ የምትታጠፍ ኳስ፦ ስፌቱ ወደ አንደኛ ስሊፕ (ከባትስማኑ ኋላ፣ በቦውለሩ ግራ በኩል ወደሚቆመው ተጫዋች) ዘንበል ይበል፣ ሻካራው ጎን በቦውለሩ ግራ፣ ብሩሁ በቀኝ። ኳሷ ወደ ሻካራው ጎን ትሄዳለች። ጠቋሚና መሃል ጣት ከስፌቱ ግራና ቀኝ፣ አውራ ጣት ከስር ስፌቱ ላይ፤ መዳፍ ውስጥ አይደበቅም። ሲለቁ አንጓ ከተጠማዘዘ ስፌቱ ይወላገዳል፣ ኳሷም ቀጥ ብላ ለባትስማኑ ትመቻለች። ችግሩን ለማየት ከቦውለሩ ኋላ ቆመህ ስፌቱን ተመልከት፤ እየተንቀጠቀጠ ከሄደ ጣቶቹ ኳሷን ሲለቁ ወደ ታች እየጎተቱ አይደለም ማለት ነው።

ነፋስ ካለ፣ ፈጣኑ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ፣ አጣፊው ፊት ለፊት ተቀብሎ ይወርውር።

ጠያቂ፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ኳሷን በምራቅ መወልወል ይፈቀዳል?

ሐይቅ ዳር፦ አይፈቀድም፤ ከ2022 ጀምሮ በቋሚነት ተከልክሏል። ላብ ይቻላል። አንዱን ጎን ብቻ ሱሪ ላይ አሹት፤ ሌላውን ሜዳው ራሱ ያሻክረዋል። በጥፍር መቧጨር ወይም ቅባት መቀባት ግን የ5 ራን ቅጣት አለው። የሚወለውሉትን ሰዎች አስቀድመህ ለይ፤ ሁሉም በየራሱ ጎን ካሸ ብሩህነቱ በ3 ኦቨር ያልቃል።