ኦሚክሮን አንድ ነው ወይስ ብዙ? እማዬን በስድስት ወር ሁለቴ ያዛት

የሀይቅ ዳር ልጅ፦
ሰላም ወገን፣ ሀዋሳ ነኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። በ2014 የታህሳስ ገብርኤል ሰሞን እንደምታውቁት ከተማው በእንግዳ ተጨናንቆ እኛም ቤት ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶች ሳሎን ፍራሽ ተነጥፎላቸው አድረው ነበር፣ ንግሱ ባለፈ በሶስተኛው ቀን መጀመሪያ ታናሽ እህቴን ጉሮሮዋን ከረከራት ከዛ እኔን ከዛ እማዬን፣ በሳምንት ውስጥ ቤቱ ውስጥ ያልሳለ ሰው የለም። ተመርምረን ኮቪድ ነው ተባልን። እማዬ ስኳር አለባት፣ ሌሊቱን ትራሷን ከፍ አድርጌ ትንፋሿን ስቆጥር ነበር የማነጋው። ተመስገን ዳነች። ግን ሰኔ ላይ ድጋሚ ያዛት፣ ድጋሚ ፖዘቲቭ፣ ክትባቷን ሁለቴ ወስዳ እኮ ነው። አሁን ጎረቤት ሲያስል በሰማች ቁጥር መስኮት ትዘጋለች። እነዚህ ዴልታ፣ ኦሚክሮን፣ ቢኤ ምናምን የሚባሉት የኮቪድ ዓይነቶች በምንድነው የሚለያዩት? ኦሚክሮን የዴልታ ልጅ ነው? አንዴ የያዘውን ሰውስ ለምንድነው ደግሞ የሚይዘው?

ታቦር ስር፦
እኔ የሚመስለኝ ቫይረስ እየቆየ ሲሄድ እየደከመ ነው የሚሄደው፣ አሁን ጉንፋን ሆኗል። እናትሽን አታስጨንቂያት እህቴ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ስጫት።

የላቡ ልጅ፦
ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ ያኔ ፒሲአር ላይ፣ ማለት የቫይረሱን ጂን በሚፈልገው የኮቪድ ምርመራ ላይ ነበርኩ። ኦሚክሮን የዴልታ ልጅ አይደለም። ሁለቱም ከመጀመሪያው ቫይረስ በየፊናቸው የወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። ዴልታ በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ አካባቢ ህንድ የታየ ነው፣ ኦሚክሮንን ደሞ ቦትስዋናና ደቡብ አፍሪካ ያሉ ባለሙያዎች ለይተውት የዓለም ጤና ድርጅት ህዳር 17/2014 ስም ሰጠው። እናንተ ቤት የገባው ከዛ ወር ከምናምን በኋላ ነው ማለት ነው።

ቫይረሱን 30 ሺህ የሚጠጋ ፊደል ያለው ጽሁፍ አድርገሽ አስቢው። በተባዛ ቁጥር ይገለበጣል፣ ሲገለበጥ ፊደል ይሳሳታል፣ አብዛኛው ስህተት ምንም አያመጣም። ኦሚክሮን ግን ስፓይክ በሚባለው፣ ሰውነታችን ውስጥ ለመግባት በሚጣበቅበት ፕሮቲን ላይ ብቻ ከ30 በላይ ለውጥ ይዞ መጣ። ከክትባትም ከበፊት ህመምም ያገኘነው አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረስ የሚከላከልበት ፕሮቲን) የሚይዘው ደሞ እዛው ስፓይኩ ላይ ነው፣ ቅርጹ ሲቀየር አንቲቦዲው ቫይረሱን በደንብ አይዘውም።

ከዛ ኦሚክሮን ራሱ ቤተሰብ ነው። ቢኤ.1 እና ቢኤ.2 ወንድማማቾች ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደውም። ይሄን በአይኔ ያየሁት ነው፣ የቫይረሱን ሶስት ጂን (የጽሁፉን ሶስት ክፍል) የሚፈልጉ የመመርመሪያ ኪቶች አሉ፣ ፖዘቲቭ ሲሆን ስክሪኑ ላይ ሶስት መስመር ወደ ላይ ይወጣል። ቢኤ.1 ሲሆን ኤስ ጂን የሚባለው ላይ ስድስት ፊደል ስለጎደለው ሁለቱ መስመር ይወጣና አንዱ መሬት ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ መጀመሪያ ሳየው ሪኤጀንቱ (የመመርመሪያው ኬሚካል) የተበላሸ መስሎኝ ድጋሚ ነበር የሰራሁት። ቢኤ.2 ላይ ግን ያ ጉድለት ስለሌለ ሶስቱም ይወጣሉ፣ ከዴልታ በዚህ አትለይውም። ፍጥነቱም ከቢኤ.1 ይበልጣል፣ ዴንማርክ ውስጥ አንድ ሰው ቤት ይዞ ሲገባ ከቀሪው ቤተሰብ ቢኤ.1 ወደ 29 በመቶ፣ ቢኤ.2 ወደ 39 በመቶ ነበር የሚይዘው።

የእናትሽ የሰኔው ጂኑ ሳይነበብ እርግጡን መናገር አይቻልም፣ ግን ያን ሰሞን በየአገሩ ይዞር የነበረው ቢኤ.4 እና ቢኤ.5 ነው። እነሱ ከቢኤ.2 ወገን ናቸው፣ በዛ ላይ ስፓይካቸው 452 ቁጥር ላይ ዴልታ ያለውን ለውጥ ይዘዋል፣ ከዴልታ ወርሰውት ሳይሆን ለየብቻቸው ያገኙት ነው። ታህሳስ የያዛት ቢኤ.1 ከነበረ ያ ያስተማራት መከላከያ እነዚህን በደንብ አይዝም። ክትባቱ ደሞ የተሰራው በመጀመሪያው ቫይረስ ነው፣ እንዳይዝ ባያደርግም እንዳይጠና ግን ይረዳል፣ ስለዚህ ከንቱ ነበር እንዳትይ።

ነርስ ነኝ፦
ታቦር ስር ወንድሜ፣ ቫይረስ እየደከመ ነው የሚሄደው የሚባል ህግ የለም። ዴልታ አልፋ ከሚባለው ከበፊቱ ዓይነት በኋላ ነው የመጣው፣ ግን ከአልፋ የባሰ ነበር፣ እኔ ኦክስጅን ሲሊንደር እየገፋሁ ያደርኩባቸው ሌሊቶች እሱ የነበረ ጊዜ ነው። ኦሚክሮን ቀለል ያለው አንደኛ ከሳንባ ጥልቅ ይልቅ ላይኛው የአየር ቧንቧ ውስጥ በደንብ ስለሚባዛ ነው፣ ሁለተኛ እሱ ሲደርስ ብዙው ሰው ወይ ተከትቧል ወይ ታሟል። ስኳር ላለባት እናት ግን ጉንፋን ነው ብሎ መተው አይሆንም።

የሀይቅ ዳር ልጅ፣ ሶስተኛው ቀን ያልሽው ልክ ነው፣ ኦሚክሮን ከያዘ በኋላ ምልክቱ በአማካይ በሶስት ቀን ገደማ ይመጣል፣ የመጀመሪያው ቫይረስ አምስት ቀን ያህል ይቆይ ነበር። ሰው ደሞ ምልክት ሳያሳይም ያስተላልፋል፣ እንግዳውን ተጠንቀቅ ለማለት እንኳን ጊዜ አይሰጥም። እና መስኮቱን አታስዘጊያት! ቫይረሱ የሚጠራቀመው የታፈነ ክፍል ውስጥ ነው፣ የሚያስል እንግዳ ካለ መስኮት ከፍቶ ማስክ ማድረግ ይሻላል።

የሀይቅ ዳር ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ለእማዬ አነበብኩላት፣ እኔ ላይ የማይለቅ በሽታ አለ ብላ ነበር ስትፈራ የከረመችው፣ የተለያዩ ወንድማማቾች ናቸው ሲባል ፊቷ ፈታ አለ። አሁንስ እነዚያው ናቸው ያሉት?

የላቡ ልጅ፦
አይ ተተክተዋል። ሁለት የቢኤ.2 የልጅ ልጆች አንድ ሰው ውስጥ ተገናኝተው ጽሁፋቸው ተቀላቅሎ ኤክስቢቢ የሚባል መጣ፣ ከዛ ከሌላ የቢኤ.2 ዘር ጄኤን.1 ወጣና በፈረንጅ 2024 መጀመሪያ ዓለም ላይ በብዛት የሚገኘው እሱ ሆነ። ሁሉም ግን ኦሚክሮን ቤት ናቸው።

ነርስ ነኝ፦
እናትሽን ለስኳር ክትትሏ ስትወስጃት ክትባት አሁን አለ ወይ ብለሽ እዛው ጠይቂ፣ የወሰደችበትን ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። ካመማት ደሞ ስኳሯን ቶሎ ቶሎ ለኩት፣ ኢንፌክሽን ሲኖር ይወጣል፣ ትንፋሽ ካጠራት እንዳታሳድሯት።