ክርክር፦ ፋርማሲስት ፈቃዱን ሲያድስ የማስተማር ችሎታውም ይመዘን?

አወያይ፦ የሙያ ፈቃድ እድሳት ከሲፒዲ (ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና) ጋር ተያይዟል። በዚያ ላይ ፋርማሲስቱ ታካሚን፣ ተማሪንና ባልደረባን እንዴት እንደሚያስተምር በሥራው ቦታ ይታይ? እኔ ይታይ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የመድኃኒት ቤት ፋርማሲስት፣ ሐዋሳ፦ አልስማማም። ሰው በር ድረስ ተሰልፎ አንዱን ታካሚ ሩብ ሰዓት ላስረዳ ብል ሌላው ጥሎኝ ይሄዳል። አዲስ ፈተና ማለት ሌላ ወረቀትና ሌላ ክፍያ ነው።

የሆስፒታል ፋርማሲስት፣ ጎንደር፦ ወንድሜ፣ ሰልፉን እኔም አውቀዋለሁ። ግን የአስም ታካሚን አስብ። ፓፉን፣ ማለትም በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት፣ መነቅነቅ አለበት። ትንፋሹን ያስወጣል፤ ሲጫነው እኩል በዝግታ ይስባል፤ ከዚያ እስከ 10 ሰከንድ ትንፋሹን ይይዛል። ይህን ካላወቀ አብዛኛው መድኃኒት አፉና ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ሲመለስ ሐኪሙ «አልሠራለትም» ብሎ ዶዝ ይጨምርለታል። የወባ መድኃኒቱ ኳርተምም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው ዶዝ ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ፣ በ3 ቀን 6 ዶዝ። ትኩሳቱ ሲበርድለት የተረፈውን ለሌላ ቀን የሚያስቀምጥ ስንቱ ነው! ይህን ማስረዳት ሥራችን ካልሆነ ሥራችን ምንድን ነው?

የታካሚ ልጅ፣ ደሴ፦ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። እናቴ የስኳር ታካሚ ናት። ኢንሱሊን ሲሰጧት «ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ» አሏት። ፍሪጅ የለንም። አፍራ «እሺ» ብላ መጣች። በሌላ ጊዜ አንዲት ፋርማሲስት «እማማ፣ ቤት ሲደርሱ የት ያስቀምጡታል?» ብላ ጠየቀቻት። ያኔ እውነቱን ተናገረች። ልጅቷም በውኃ በራሰ የሸክላ ዕቃ፣ ጥላ ቦታ እንዴት እንደሚቀመጥ አሳየቻት። ከዚያ እናቴን መልሳ አስነገረቻት። የሚመዘን ነገር ካለ ይኼ ይመዘን።

የፋርማሲ መምህርት፣ ጅማ፦ እህቴ ነጥቡን ነካሽው። የሕክምና ትምህርት ምሁሩ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1990 የባለሙያን ብቃት በአራት ደረጃ አስቀምጦታል። ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በዕለት ሥራ ላይ መሥራት። የምርጫ ጥያቄ ከሁለተኛው አያልፍም። ስለዚህ መዛኙ መድኃኒት በሚሰጥበት መስኮት አጠገብ ቆሞ ይይ። ታካሚው ሲወጣም «እስቲ እንዴት ነው የሚወስዱት?» ይበለው። ውጤቱ ያለው እዚያ መልስ ላይ ነው።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፦ ስለ እኛም አንድ ነገር ልበል። አንዳንዱ ሲኒየር ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ «ይህን መድኃኒት ለምን መረጥን?» ብሎ ይጠይቀናል። አንዳንዱ ደግሞ ፎርም ፈርሞ ይሸኘናል። ሁለቱም እኩል «አስተማሪ» ተብለው ይመዘገባሉ።

ጎንደር፦ ባልደረባን ማስተማርም አይረሳ። ሴፍትሪያክሶን የተባለው አንቲባዮቲክ ሪንገር ላክቴት ከተባለው በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ጋር እንደማይቀላቀል ለነርሷ በጊዜ መናገር ሕይወት ያድናል።

ሐዋሳ፦ የእናትየው ነገር ልቤን ነካኝ። መልሶ ማስነገር ጊዜ እንደማይፈጅም ገባኝ፤ አንድ ጥያቄ ነው። ግን ሁለት ነገር ካልተሟላ አሁንም አልደግፍም። መዛኙ ራሱ መስኮት ላይ የሚሠራ ፋርማሲስት ይሁን፤ ከቢሮ የሚላክ አይሁን። በመጀመሪያው ዙር ደግሞ ማንም ፈቃዱን አይከልከል፤ ጉድለቱ ተነግሮት ይለማመድ።

አወያይ፦ ሁለቱንም እቀበላለሁ። በዚህ ላይ ተቃውሞ ያለው ይጻፍ።