ያገለገለ የጭነት አውሮፕላን ዋጋ በምን ይወሰናል?

ካዛንቺስ_ጥናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። አበባና ሥጋ ለሚልኩ ድርጅቶች የኪራይ ጥናት ይዣለሁ። ሁለት ቦይንግ 767-300 የጭነት አውሮፕላኖች ዕድሜያቸው አንድ ሆኖ ዋጋቸው ለምን ይህን ያህል ይራራቃል? የፋብሪካውን ዋጋ መነሻ ባደርግስ ያስኬዳል?

ሞተር_ቤት፦
የፋብሪካውን ዋጋ ተወው። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ2019 ለ777 ካርጎ 352.3 ሚሊዮን ዶላር ብሎ አውጥቶ ነበር፤ በዚያ ዋጋ የሚገዛ ግን የለም። ባገለገለ አውሮፕላን ላይ ገንዘቡ ያለው ሞተሩ ላይ ነው። ውስጡ ያሉት ዲስኮችና ዘንጎች የተፈቀደላቸው ሳይክል ሲያልቅ ይጣላሉ፤ አንድ መነሳትና ማረፍ አንድ ሳይክል ነው። አጭር መስመር ሲመላለስ የኖረ ሞተር የበረራ ሰዓቱ ትንሽ ሆኖ ሳይክሉ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማረፊያ እግሩ (በየ10 ዓመቱ ገደማ ይታደሳል) እና ከባዱ ፍተሻ መቼ እንደሚደርስ እይ። ሰነድ ደግሞ የግድ ነው፦ የዲስኩ ታሪክ ከፋብሪካ ጀምሮ ካልተያያዘ፣ ደህናው ዲስክ እንደ ቁርጥራጭ ብረት ይቆጠራል።

ቆርቆሮ፦
ከመንገደኛ የተቀየረ ከሆነ ማን እንደቀየረውም ጠይቅ። በጎኑ ትልቅ በር ይቆረጣል፣ ወለሉ ይጠናከራል፣ መስኮቱ ይደፈናል። ሲፈታ ዝገት ከወጣ ሂሳቡ ሌላ ነው።

ሎድማስተር፦
ለአንተ ጥናት የሚብሰው የቦሌ ከፍታ ነው። 2,334 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በተለይ ቀትር ላይ፣ ሙሉ ጭነትና ለረጅም መንገድ የሚበቃ ነዳጅ አንድ ላይ ይዞ መነሳት ያስቸግራል። ወይ ጭነት ትቀንሳለህ፣ ወይ መንገድ ላይ አርፈህ ትቀዳለህ። ስለዚህ «52 ቶን ይጭናል» ስላሉህ ኪራዩን በ52 አታካፍል። ከቦሌ፣ በዚያ ሰዓት፣ ወደዚያ መዳረሻ ስንት ቶን? ይህን በጽሑፍ ተቀበል።

አበባ ደግሞ ቀላል ሆኖ ቦታ ይበላል። በኪሎ ስትልክ 100×40×30 ሳ.ሜ. ካርቶን በአየር ጭነት የቦታ ስሌት ተባዝቶ ለ6,000 ተካፍሎ 20 ኪሎ ይሆናል፤ ሚዛን ላይ 14 ቢሆንም በ20 ትከፍላለህ። ሙሉውን ከተከራየህ ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ይሞላል። ሥጋው ከባድ ስለሆነ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፣ የሁለቱ ቅዝቃዜ ከተጣጣመ።

ካዛንቺስ_ጥናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። አንዱ ዋጋ የሰጠኝ በሰዓት ነው፤ ነዳጅ አለበት?

ሎድማስተር፦
ኤሲኤምአይ (ACMI) የሚባለው የኪራይ ዓይነት ከሆነ የለበትም። አውሮፕላኑ፣ ሠራተኛው፣ ጥገናውና ኢንሹራንሱ ብቻ ነው። ነዳጅ፣ የማረፊያና የአየር ክልል ክፍያ፣ የመጫኛ ወጪ በአንተ ነው። በወር ዝቅተኛ ሰዓት ካስፈረሙህ ባትበርም ትከፍላለህ። ባዶውን የሚመለስበትንም በረራ አስላ።