ቨርጂኒያ ምግብ ቤት ልንከፍት ነው፤ ወርክ ፐርሚቱ (የሥራ ፈቃዱ) ያልደረሰለት ዘመድ «እየረዳ» መቆየት ይችላል?

ሚሚ (አሌክሳንድሪያ)
ሰላም ወገኖች። በሚቀጥለው ወር ከባለቤቴ ጋር ትንሽ ምግብ ቤት እንከፍታለን። ለወጥ ቤት ሁለት ሰው፣ ለመስተንግዶ አንዲት ልጅ እንቀጥራለን። አማቴ ደግሞ ከአገር ቤት እየደወሉ የእህታቸውን ልጅ አስገቡልኝ ይሉናል። ልጁ አሳይለም (ጥገኝነት) አመልክቷል፤ ወርክ ፐርሚት ግን ገና ነው። እስኪደርስለት ያለ ደሞዝ፣ ምሳና ማደሪያ ችለነው «ስልጠና ላይ ነው» ብንል ችግር አለው? ሌላም፦ አከራያችን የወርከርስ ኮምፕ (ሠራተኛ ሥራ ላይ ሲጎዳ የሚከፍል) ኢንሹራንስ ወረቀት አምጡ ብሎናል። በሦስት ሠራተኛ ግዴታ ነው? ባለቤቴስ ይቆጠራል?

የመዝገብ ሰው
ስልጠና አልሽውም እርዳታ፣ ድስት ካጠበ ሥራ ነው። ለትርፍ በተቋቋመ ድርጅት ውስጥ በነፃ ማገልገል የሚባል ነገር የፌዴራሉ ሕግ አያውቅም። ምሳውና ማደሪያውም ለአይ-9 (ሠራተኛው እንዲሠራ የተፈቀደለት መሆኑ ለሚረጋገጥበት ቅጽ) እንደ ክፍያ ይቆጠራል፤ ስለዚህ «ገንዘብ አልሰጠነውም» የሚለው መልስ አያወጣሽም።

አይ-9 ላይ ሠራተኛው የራሱን ክፍል ቢዘገይ ሥራ በጀመረበት ቀን ሞልቶ ይፈርማል። አንቺ ዋናውን ሰነድ አይተሽ የአንቺን ክፍል በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ትጨርሻለሽ። ወደ የትም አይላክም፤ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ከተቀጠረ 3 ዓመት ወይም ሥራ ከለቀቀ 1 ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው እስኪያልፍ አትጣይው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ግሪን ካርድህን አምጣ» ሲል ነው። ከዝርዝሩ የትኛውን ሰነድ እንደሚያቀርብ የሚመርጠው ሠራተኛው ነው። መንጃ ፈቃድና የሥራ ገደብ ያልተጻፈበት ሶሻል ካርድ ካመጣ ይበቃል፤ ተጨማሪ መጠየቅ አድልዎ ተብሎ ያስከስሳል።

ልጁ «ፐርሚት አመልክቻለሁ» ብሎ ደረሰኝ ቢያሳይሽ ግን አይሠራም። ደረሰኝ ለ90 ቀን የሚያገለግለው የጠፋ፣ የተሰረቀ ወይም የተበላሸ ሰነድ ሲተካ ነው እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠየቅ ፐርሚት አይደለም። የአሳይለም ማመልከቻው ከገባ 150 ቀን ሲሞላው ለፐርሚቱ ያመለክታል፣ 180 ሳይሞላ አይሰጠውም። ቀጠሮ አራዝሙልኝ ካለ ቆጠራው ይቆማል። ይህንን ለአማትሽ አስረጂያቸው።

ዳኒ 495
ሚሚዬ አትደንግጪ። እዚህ አካባቢ ሁሉም በ1099 (እንደ ተቀጣሪ ሳይሆን እንደ ግል ተቋራጭ በሚከፈልበት ቅጽ) ነው የሚከፍለው፣ ቀሪውን በካሽ። ሁለቱም ወገን ደስተኛ ነው።

የመዝገብ ሰው
ዳኒ፣ ሰዓቱን አንተ ከወሰንክለት፣ ድስቱም ምድጃውም የአንተ ከሆነ፣ ያ ሰው ተቀጣሪ ነው። 1099 የሚሆነው ፍሪጁን ሊጠግን መጥቶ ቢል ጽፎ የሚሄደው ነው። ቨርጂኒያ ከ2020 ወዲህ በዚህ ጠንክራለች፦ ለመጀመሪያ ጥፋት በአንድ ሰው እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት አለ፣ ሠራተኛውም ራሱ መክሰስ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚጋለጠው ሰውየው ከሥራ ተሰናብቶ የሥራ አጥ ክፍያ ሊጠይቅ ሲሄድ ነው፤ ስሙ መዝገብ ላይ የለም፣ ምርመራው ከዚያ ይጀምራል።

ጋሽ ወርቁ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ልጆች፣ ሥርዓቱን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። መጀመሪያ ኢአይኤን (የቀጣሪ መለያ ቁጥር) ከአይአርኤስ (ከፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) ድረ ገጽ፣ በነፃ፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካያችሁ የመንግሥት አይደለም። ቀጥሎ ደብሊው-4 (ሠራተኛው ለግብር ተቀናሹ የሚሞላው ቅጽ)፣ ከዚያ አዲስ ሠራተኛን በ20 ቀን ውስጥ ለስቴቱ ማሳወቅ። ከቼኩ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 7.65 ከመቶ ትቆርጣላችሁ፣ ከኪሳችሁ ያንኑ ያህል ትጨምራላችሁ፣ የገቢ ግብሩ ለብቻ ነው። አዲስ ቀጣሪ ይህን በሚቀጥለው ወር እስከ 15 ያስገባል፣ በየሩብ ዓመቱ በ941 ቅጽ ያወራርዳል። ከሠራተኛው የተቆረጠውን ገንዘብ ለኪራይ ያዋለ ሰው ኤልኤልሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ነኝ ቢል አይድንም፤ አይአርኤስ ባለቤቱን በግሉ ይጠይቀዋል። አዲስ ምግብ ቤት የሚወድቀው ወጡ ስላልጣፈጠ ሳይሆን እዚህ ጋ ነው። ደሞዝ በሰዓት 15 ዶላር፣ ወርከርስ ኮምፕ ከአንድ ሠራተኛ ጀምሮ።

ትዕግሥት
ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ የጠቀሷቸው ሁለቱ፣ ደሞዙና ኮምፑ፣ የሜሪላንድ ናቸው። ቨርጂኒያ ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ዝቅተኛው ደሞዝ በሰዓት 12.77 ዶላር ነው፤ ኮምፕ ደግሞ ከሁለት ሠራተኛ በላይ ሲሆን፣ የትርፍ ጊዜውም ይቆጠራል። ሚሚ ሦስት ካላት ግዴታ ነው።

ስለ ካሽ ደግሞ አንድ ነገር። ከ2026 መግቢያ ጀምሮ በካሽ ወይም በመኒ ኦርደር ወደ ውጭ በሚላክ ገንዘብ ላይ 1 ከመቶ ግብር አለ፤ ከባንክ አካውንት ወይም እዚህ በተሰጠ ዴቢት ካርድ ከተላከ የለም። በካሽ የሚከፈለው ልጅ ለእናቱ 300 ዶላር በካሽ ሲልክ 3 ዶላር ይቀርበታል። ትንሽ ናት፤ ግን በየወሩ ናት። ትልቁ ጉዳት ሌላ ነው፦ የደሞዝ ወረቀት ከሌለው አፓርታማ አይከራዩትም፣ ታክስ ካልሞላ ሚስቱን ለማምጣት ስፖንሰር መሆን ይቸግረዋል፣ ለጡረታ የሚያስፈልጉት 40 ነጥቦችም አይቆጠሩለትም። እናቱ «ልጄ አሜሪካ ነው» ትላለች፤ እሱ ወረቀት ላይ የለም።

ዳኒ 495
የናፍቆቱን ነገር ተዉትና እውነቱን እናውራ። ወጥ ሠሪዋ ጋር በሳምንት 60 ሰዓት በ800 ዶላር እንስማማለን፤ ማንን ጎዳን?

የመዝገብ ሰው
እሷን። 40 ሰዓት በ12.77፣ 510.80 ነው። ቀሪው 20 ሰዓት ኦቨርታይም ስለሆነ በአንድ ተኩል፣ ማለትም በ19.155 ሲባዛ 383.10። ድምሩ 893.90። በየሳምንቱ ቢያንስ 93.90 ትበላታለህ፣ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሰዓት በሰዓት ካልመዘገብክ ደግሞ ክርክር ሲነሳ የሚታመነው የእሷ ማስታወሻ ደብተር ነው።

ዳኒ 495
ራሷ ከተስማማችስ?

የመዝገብ ሰው
ከዝቅተኛው ደሞዝና ከኦቨርታይም በታች መስማማት አይቻልም፤ ብትፈርምም ፊርማው ዋጋ የለውም። ቲፕም (ጉርሻ) እንደዚያው ነው፤ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ከሠራተኛው ቲፕ አይካፈልም። ለወጥ ቤት ማካፈል የሚቻለው አስተናጋጇን ቲፕ ስላላት በሚፈቀደው በ2.13 ዶላር ሳይሆን በሙሉው ዝቅተኛ ደሞዝ ከከፈልሽ ነው፣ ሚሚ።

ሚሚ (አሌክሳንድሪያ)
እግዜር ይስጥልኝ። ልጁን እንግዲህ እናስጠብቀዋለን፤ አማቴን ምን እንደምላቸው ግን ጨንቆኛል። የባለቤቴስ ነገር? ኮምፕ ላይ ይቆጠራል?

ዳኒ 495
እስቲ መጀመሪያ ይሄን ይመልሱልኝ፦ 12.77 ከፍሎ ክትፎ በስንት ሊሸጥ ነው?

ጋሽ ወርቁ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሜሪላንድ ከ15 በላይ ከፍለን እየሸጥን ነው እኮ።