«ጋዘር» ሁሉ ስብሰባ ነው?

ወደ አማርኛ የሚተረጎም፣ በእንግሊዝኛ «ፋሚሊ ጋዘሪንግ» (family gathering) ተብሎ የተጻፈ ጥሪ አለ፤ «ጋዘር» (gather) መሰብሰብ ማለት ነው፤ ቦታው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር። «የቤተሰብ ስብሰባ» ቢባል ያስኬዳል?

— ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ካለ ያስኬዳል! «ስብሰባ» ዛሬ ሰብሳቢና አጀንዳ ይፈልጋል። «የቤተሰብ መሰባሰቢያ ቀን» በለው። «ተሰበሰበ» ላይ «በ» ወደ «ባ» ስትለወጥ «ተሰባሰበ» ይሆናል፤ ከየአቅጣጫው፣ እርስ በርስ ተጠራርቶ መገናኘትን ያመጣል። ለምግብና ለመጠጥ የተጠራ ሰው ደግሞ «ታዳሚ» ነው።

— ወንድሜ፣ «ጉባኤ»ንም አትናቀው። ከግእዙ «ገብአ» የመጣ ነው፤ ተመለሰ፣ ገባ ማለት። የቅኔ መምህር «ጉባኤ ዘረጋ» ይባላል፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ያለው ትንሹ ቅኔም ጉባኤ ቃና ነው፣ ስሙ የቃና ዘገሊላን ሠርግ ያስታውሳል። ስለዚህ ጉባኤም ድግስ ያውቃል።

— ሰውን ትተን ወደ ዕቃው እንምጣ። እንግሊዝኛው አንድ ጋዘር ይዞ የሚዞረውን አማርኛ ይከፋፍለዋል። የዘጌ ቡና ይለቀማል፤ የታንኳ ደንገል ይታጨዳል፤ አዝመራ ይሰበሰባል፤ መኪና ፍጥነት «ይጨምራል» እንጂ አይሰበስብም። «መጽሐፉ አቧራ ሰበሰበ» የሚል ትርጉም አጋጥሞኛል፤ አቧራ ለበሰ ነው የሚባለው።

— በጣም የሚያሳስተው «አይ ጋዘር» (I gather) ነው። ከሰማው ወይም ካነበበው ተነሥቶ የገመተ ሰው የሚለው ነው፦ «እንደሰማሁት ከሆነ»፣ «እንደገባኝ»። ከኋላው ዕቃ ወይም ሰው ሳይሆን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ከተከተለ ይኸኛው ነው።

— የልብስ ስፌት መመሪያ የምትተረጉሙ ደግሞ «ጨርቁን ሰብስብ» አትበሉ፤ ሸብሽብ ነው። ለ70 ሳንቲ ሜትር ወገብ 140 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨርቅ ይያዛል፤ በረጅም ስፌት ሁለት ትይዩ መስመር ይሰፋና ክሩ ከአንድ ወገን ይሳባል። አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ክሩ ሲበጠስ ሽብሽቡ ሁሉ ይፈታል፤ እጥፋቱም አንድ ቦታ ይከማቻል።

— የቃሉ ዘር ይነሣ ካላችሁ፣ ከ«ቱጌዘር» (together፣ አብሮ) ጋር አንድ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ በ«ደ» ነበር የሚነገረው፤ «ፋዘር» (አባት) እና «መዘር» (እናት)ም እንዲሁ ነበሩ። እኛ «ዘ» ብለን በምንጽፈው «th» መጻፍ የጀመረው በ1500ዎቹ ነው።

— «ጋዘር ዩርሰልፍ» (gather yourself)ስ? ሰብሰብ በል?

— ተጠንቀቁ! እንግሊዝኛው ለደነገጠ ሰው ነው፤ «ተረጋጋ» ይበቃዋል። «ሰብሰብ በል» የሚባለው ለተዝረከረከ ወይም ለቀበጠ ነው። የደነገጠውን ሰው እንዲህ ብትሉት ተግሣጽ ይሆንበታል።