«የትልቅ ከተማ ጣጣ ነው» ያሉት አባት

የማናሳስ ሾፌር፦
ትናንት ከእድር ስብሰባ ተናድጄ ነው የወጣሁት። ወሬው ስለ ትራንስጀንደር ልጆች ነበር፤ ሲወለዱ ወንድ ተብለው ሴት ነን፣ ሴት ተብለው ወንድ ነን ስለሚሉት። አንድ የማከብራቸው አባት «ይሄ የትልቅ ከተማ ጣጣ ነው፤ ሁሉም በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ ሰው አይበቅልም» አሉ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እንዴ! ዳኒካ ሮም እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ማናሳስ ተወልዳ ያደገች ልጅ አይደለችም? ያደገችው በወንድነት ነው። ሴትነቷን ይፋ ያወጣችውም ለአካባቢው ጋዜጣ ስትሠራ፣ ከሚያውቃት ሰው ሳትርቅ ነው። በፈረንጆቹ 2017 ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ተወዳድራ ቦብ ማርሻልን አሸነፈች። ሰውየው ከ25 ዓመት በላይ ወንበሩን ይዞ የቆየ ነው። ትራንስጀንደር ሰዎች ሲወለዱ በተመዘገበው ጾታ መጸዳጃ ቤት ብቻ እንዲገቡ የሚያስገድድ ሕግ ያረቀቀውም እሱ ነበር። እዚህ እየኖርን ይሄን እንዴት እንረሳለን?

የሰንበት ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ማናሳስ ዋሽንግተን አፍንጫ ሥር ያለ ከተማ ነው፤ ትንሽ አትበለው። ደግሞ ሰው የመረጣት ስለ ሩት 28 መንገድ መጨናነቅ ስላወራች ነው። ቻሏት እንጂ አልተቀበሏትም።

የማናሳስ ሾፌር፦
እኔም የመረጥኳት ለመንገዱ ነው! ጠዋት ጠዋት ሩት 28 ላይ ቆሜ የቀረሁበትን ሰዓት እኔ ነኝ የማውቀው። ስለ መንገድ ስታወራ የሰማሁት ስለ መንገድ ነው። እሷን እንደ ማንም ሰው ካየኋት ከዚህ በላይ ምን መቀበል አለ?

ነርሷ ከኦሪገን፦
ትንሽ ከተማ ካላችሁ ሲልቨርተንን ልንገራችሁ። ከፖርትላንድ በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት፤ በፈረንጆቹ 2010 ቆጠራ ሕዝቧ 9 ሺህ አካባቢ ነው። ስቱ ራስሙሰን እዚያው አድገው እዚያው አርጅተዋል። ፓላስ የሚባለውን ሲኒማ ቤት ለብዙ ዓመታት ያስተዳደሩት እሳቸው ናቸው። ድሮ በወንድ ልብስ ከንቲባ ነበሩ። በኋላ ቀሚስና ተረከዝ ያለው ጫማ ለብሰው በአደባባይ መሄድ ጀመሩ፤ ጡትም አሠሩ። ስማቸውን ግን ስቱ እንዳሉ ነው የኖሩት። በ2008 ሕዝቡ እንደገና ከንቲባ አድርጎ መረጣቸው። ከካንሳስ አንድ የጥላቻ ቡድን መጥቶ ሰልፍ ሲወጣባቸው የከተማው ሰው ተሰብስቦ ወጣ። ወንዶቹ ቀሚስ ለብሰው! እኔ ይሄን ባነበብኩ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ከአዋሳ ወጥቼ እዚህ ስመጣ ለእኔ እንዲህ የቆመልኝ ሰው አልነበረም።

የሰንበት ተማሪ፦
እህቴ፣ ግማሹን ነው የነገርሽን። በ2009 የወጣቶች ስብሰባ ላይ በለበሱት ልብስ ምክንያት የከተማው ምክር ቤት ገሥጿቸዋል። በ2014ም ተሸንፈዋል። ታዲያ መቻል ነው አላልኩም?

ነርሷ ከኦሪገን፦
አልደበቅኩም። ግሣጼው የመጣው ልብሱ ለስብሰባ አይመጥንም ተብሎ ነው። አጭር ቀሚስ የለበሰች ሌላ ሴት ከንቲባም ትገሠጽ ይሆናል። ምርጫ መሸነፍም የፖለቲካ ነገር ነው። ማንም ከከተማው አላባረራቸውም። በ2021 ሲሞቱም እንደ ከተማው ልጅ ነው የታዘነላቸው።

ጎንደሬው፦
አንድ ነገር ልጠይቅ። ነርሷ ከመጀመሪያው ጀምሮ «እሳቸው» እያለች ነው የምትጽፈው። እሱ ናቸው ወይስ እሷ ናት?

ነርሷ ከኦሪገን፦
አማርኛ ያበጀልኝን መንገድ ነው የተጠቀምኩት። «እሱ» ወይም «እሷ» ካልኩ መምረጤ ነው። «እሳቸው» ስል አከብራለሁ፤ አልመርጥም።

ጎንደሬው፦
አንቱታን ለመሸሻ አትጠቀሙበት። አንቱታ ለአዛውንት ነው። የ15 ዓመት ልጅ መጥቶ «ሴት ነኝ» ቢልሽ አንቱ ትይዋለሽ? ያኔ መምረጥሽ አይቀርም።

ነርሷ ከኦሪገን፦
ያኔ ራሷ እንደነገረችኝ «አንቺ» እላታለሁ። እናቶቻችንስ ወንድ ልጃቸውን ሲያቆላምጡ «አንቺ» ይሉ የለ? ምን ያስጨንቃል?

ጎንደሬው፦
ቁልምጫ ሌላ፣ ማንነት ሌላ። አታደባልቂ።

የሕግ ተማሪ፣ አዲስ አበባ፦
ሁላችሁም ውጭ ሆናችሁ ነው የምታወሩት። እዚህ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ። ስለ ሲልቨርተን ማውራት ለእኛ ምን ይረባል?

የማናሳስ ሾፌር፦
አንቀጽ 629 ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ነው። ቀሚስ ስለ መልበስ አይደለም። የሕግ ተማሪ ከሆንክ ይሄን ለይ።

የሕግ ተማሪ፣ አዲስ አበባ፦
ፖሊስም ጎረቤትም አይለየውም። እኔ የማወራው ስለሚሆነው ነገር ነው።

የወሎ ልጅ፦
እስካሁን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ያ አባት «በትንሽ ከተማ አይበቅልም» ማለታቸው ነው ያናገረኝ። እኛ ሰፈር አንድ ልጅ ነበረ። ሴታ ሴት ይሉት ነበር። ሽሩባ ሲሠራ ግን ከተማው ውስጥ የሚወዳደረው አልነበረም። ቅዳሜ እናቴ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፤ እሱ ከኋላዋ ቆሞ በሚዶ እየከፈለ፣ ቅቤ በጣቱ እየነካ፣ ከግንባሯ ጀምሮ ያወርደዋል። ሙሽራ ሁሉ የምትሄደው ወደ እሱ ነበር። ሠርጉ ላይ ግን አይጠራም። እጁን ፈለግነው፤ እሱን አልፈለግነውም። 16 ዓመቱ ላይ ጨለማ ለብሶ ከተማውን ለቀቀ። እኔም ሲሰድቡት አብሬ የሳቅኩ ሰው ነኝ።

የሰንበት ተማሪ፦
ይሄ ያሳዝናል፤ ከልቤ ነው። ግን ያንተው ታሪክ እኔ ያልኩትን አያረጋግጥም? ችለውት ነበር።

የወሎ ልጅ፦
አልቻሉትም! ተጠቀሙበት። ቢችሉትማ በሌሊት አይወጣም ነበር። አንተ «መቻል» የምትለው ቃል ሁሉንም ሸፈነው። ሲልቨርተን ላይ ሰዎች ቀሚስ ለብሰው መንገድ ወጡ። እኛ ሰፈር አንድ ሰው እንኳ «ተዉት» አላለም። ሁለቱን በአንድ ቃል አትጥራቸው።

የሰንበት ተማሪ፦
እኔ ሃይማኖቴን ይዤ ሰውን አልጎዳም እያልኩ ነው። መቻል ማለት ለእኔ ይሄ ነው። ከዚህ በላይ እንድሄድ አትጠይቁኝ።

ነርሷ ከኦሪገን፦
የወሎ ልጅ፣ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰች ታውቃለህ?

የወሎ ልጅ፦
አሁን ውጭ አገር ናት። ያለችበትን አልናገርም። አምና ስልኳን አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከዚያ ከእናቴ ጋር አገናኘኋት። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ምንም አላስረዳኋትም።

ጎንደሬው፦
እናትህ ታዲያ «ነህ» አለች ወይስ «ነሽ»?

የወሎ ልጅ፦
ድምፁን ሰማችና ትንሽ ዝም አለች። «ልጄ፣ ደህና ነሽ?» አለቻት። ከዚያ «ፀጉሬ ሳስቷል፤ እንዳንቺ የሚሠራልኝ አጣሁ» ብላ ተማረረችባት።

ጎንደሬው፦
እሱማ ቁልምጫ ነው።